አርባ ቤቶችና አንድ ቧንቧ፦ ትንሽ ከተማ እንዴት ትተዳደራለች?

አንድ አልሚ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመጣል። ከከተማዋ ዳር ባዶ ቦታ አግኝቷል፤ አርባ ቤቶች ሊሠራበት ይፈልጋል። መንገዱን እኔ አነጥፋለሁ፣ ቧንቧውን እኔ እቀብራለሁ፣ የመብራት ምሰሶውንም እኔ እተክላለሁ፤ ሲያልቅ ሁሉንም ለከተማዋ አስረክባለሁ ይላል። የምክር ቤቱ አባላት ፊት ይፈካል። አርባ አዲስ ግብር ከፋይ፣ አርባ አዲስ የውሃ ደንበኛ፣ ያውም ከካዝና ሳንቲም ሳይወጣ! አጀንዳው ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። እጅ ይወጣል፣ ይጸድቃል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

በዚያች ሩብ ሰዓት ከተማዋ የፈረመችው ምን እንደሆነ በግልጽ የሚታየው ግን ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ፕላን፣ ቤት፣ ውሃና ፍሳሽ፣ ገንዘብ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ፤ በየቢሮው በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም እንዲያ ይላል። በተግባር ግን አንድ ገመድ ናቸው፤ አንዱን ጫፍ የሳበ ሌላውን ያንቀሳቅሳል። እነዚያን አርባ ቤቶች እየተከተልን ገመዱን እንሳበው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ወሳኙ ማን ነው?

በብዙ አገሮች የከተማ አስተዳደር በሦስት እግር ይቆማል። አንዱ በነዋሪው የሚመረጠው ምክር ቤት ነው፤ ደንብ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል። ሁለተኛው ከንቲባው ነው፤ በአንዳንዱ ቦታ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል፣ በሌላው ምክር ቤቱ ከመካከሉ ይሰይመዋል። ሦስተኛው ባለሙያው ነው፦ መሐንዲሱ፣ የፕላን ባለሙያው፣ የሒሳብ ሹሙ። የዕለት ሥራውን ከምርጫ ፉክክር ለመነጠል ሲሉ ሥራ አስኪያጅ የሚቀጥሩ ከተሞችም አሉ። ለዚህ አሠራር ፈር ቀዳጅ ተብላ የምትጠቀሰው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የምትገኘው ትንሿ ስታንተን ናት፤ ዘመኑም 1908 ነበር።

ትልቋንና ትንሿን ከተማ የሚለያቸው የሥራው ዓይነት ሳይሆን የሠራተኛው ቁጥር ነው። ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማም ንጹሕ ውሃ ማቅረብ፣ ፍሳሽ ማጣራት፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ፈቃድ መስጠት፣ ሒሳቧን ማስመርመር አለባት። ልዩነቱ እዚህ አንዱ መሐንዲስ ጠዋት የግንባታ ፈቃድ ሲመረምር ይውልና ከሰዓት በኋላ የፈነዳ ቧንቧ ጋ ጭቃ ውስጥ መቆሙ ነው። እሱ ሲታመም ሁለቱም ሥራ ይቆማል።

ሌላም ነገር አለ። ከተማ ሉዓላዊ አይደለችም። የትኛውን ግብር መጣል፣ እስከ ስንት መበደር፣ ውሃውን በምን ደረጃ ማጣራት እንዳለባት የሚወስነው ብዙውን ጊዜ በላይ ያለው መንግሥት ነው። ግዴታው ከላይ ይወርዳል፤ ገንዘቡ ሁልጊዜ አብሮት አይወርድም። ለዚህም ነው ነዋሪ ሲያማርር ከንቲባው ወደ ላይ፣ ከላይ ያለው ደግሞ ወደ ከንቲባው ሲያመለክት የሚታየው፤ የአብዬን ወደ እምዬ ነው። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ፕላን ሥዕል ነው ወይስ ሕግ?

ሁለቱም ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ ሰነድ አይደሉም። ማስተር ፕላን ወይም መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው ከተማዋ በመጪዎቹ አሥርና ሃያ ዓመታት ወዴት እንደምታድግ ያሳያል፦ ዋናው መንገድ በየት ያልፋል፣ ፋብሪካ የት ይቆማል፣ የትኛው የወንዝ ዳር ሳይነካ ይቆያል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። ጥርስ ያለው ግን ከሱ በታች ያለው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ነው። ደንቡ ከተማዋን በቀጠና ይከፍላታል፤ በእያንዳንዱ ቀጠና ምን እንደሚፈቀድ፣ ሕንፃ ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ ከመንገድ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ከቦታው ምን ያህሉ ላይ ግንባታ እንደሚያርፍ ይወስናል።

የዚህ ዓይነቱ ደንብ የተወለደው ከጎረቤት ጠብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1915 በኒውዮርክ ማንሃተን፣ ኤኩዊታብል የተባለ ወደ 40 የሚጠጋ ፎቅ ያለው ሕንፃ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወጣ። የአካባቢውን ፀሐይ ጋረደው። በማግስቱ ዓመት ከተማዋ መላ ክልሏን በቀጠና የሚከፍልና ሕንፃዎች ከፍ ባሉ ቁጥር ወደ ውስጥ እንዲሸሹ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። አሠራሩ ከዚያ በኋላ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተሠራበት።

የእኛ አልሚም በዚህ ወንፊት ማለፍ አለበት። ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ ካልሆነ ለውጥ ይጠይቃል፤ ለውጡ በሕዝብ ፊት ይሰማል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሕንፃ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል፤ ሲጠናቀቅም ተቆጣጣሪ አይቶ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጣል። በሕዝብ ፊት መሰማቱ ደግ ነገር ነው፤ አንድ ጉድለት ግን አለበት። ወደ አዳራሹ የሚመጣው ቀድሞ ቤት ያለው ጎረቤት ነው። ነገ በአርባዎቹ ቤቶች የሚኖረው ሰው ገና የዚያች ከተማ ነዋሪ አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ድምፁም የለም።

የቦታ ስፋት የከተማዋን ኪስ ምን አገባው?

ማብራሪያው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሒሳብ ይፈቀድልኝ።

አርባዎቹ ቤቶች በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሃያ በሃያ ሆነው ፊት ለፊት ይቁሙ። የእያንዳንዱ ቦታ የፊት ስፋት 10 ሜትር ከሆነ መንገዱ 200 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ 30 ሜትር ከሆነ ግን መንገዱ ወደ 600 ሜትር ይዘልቃል። የቤቱ ቁጥር አልተለወጠም። አስፋልቱ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ የዝናብ ቦዩ፣ የመንገድ መብራቱ፣ ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና የሚሄድበት ርቀት ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል። በመጀመሪያው አሠራር እያንዳንዱ ቤት የሚሸከመው 5 ሜትር መንገድ ነው፤ በሁለተኛው 15 ሜትር።

አሁን ጥያቄው ሰፊው ቦታ ሦስት እጥፍ ግብር ይከፍላል ወይ ነው። ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ግብሩም አብሮ ከፍ ይላል። ስፋት ሦስት እጥፍ ስላደገ ብቻ ግን የንብረቱ ዋጋ ሦስት እጥፍ አያድግም፤ ቤቱ ያው አንድ ቤት ነው። በአንጻሩ በመሀል ከተማ ታችኛው ፎቅ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ያረጀ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ መንገድ የሚነካው በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ለዓይን ባይማርክም ለከተማዋ ካዝና ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ ሰፈር የተሻለ ልጅ ነው።

አልሚው “በነጻ” ያስረከበውን መንገድም እንመልከተው። ፈረስ በነጻ የተሰጠው ሰው ገለባውን ከራሱ ኪስ ይገዛል። አስፋልት እንደ ጭነቱና እንደ አየሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት ገደማ ሲያገለግል ላዩ መታደስ አለበት። የውሃ ቧንቧ ከ50 እስከ 100 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ፓምፕ ግን ያን ያህል አይታገሥም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አዲሱ ሰፈር ግብር ብቻ ያስገባል፤ ወጪው ከመሬት በታች ተኝቷል። ከዚያ ይነቃል። ችግሩ በአንድ ጊዜ የተሠራ ነገር በአንድ ጊዜ ማርጀቱ ነው።

ታዲያ ሁሉም ጠባብ ቦታ ላይ ይኑር ማለት ነው? አይደለም። ሰፊ ግቢ የሚፈልግ ሰው መፈለጉ ነውር የለበትም። ጥያቄው የ15 ሜትሩን ወጪ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በማጽደቂያው ቀን ተሰልቷል ወይ የሚለው ብቻ ነው።

ከተማዋ ቤት ካልሠራች በቤት ዋጋ ለምን ትወቀሳለች?

ብዙ ትንንሽ ከተሞች የሚሠሩት ቤት ጥቂት ነው፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ አይሠሩም። የቤት ዋጋን የሚነኩት በደንብ በኩል ነው። ዝቅተኛው የቦታ ስፋት ትልቅ ከሆነ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ቤት ብቻ ሳይሆን የማይፈልገውን መሬት ጭምር እንዲገዛ ይገደዳል። የመኪና ማቆሚያ ግዴታም እንዲሁ ነው። አንድ መኪና ለመቆምና ለመዞር ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ደንቡ ለአንድ ቤት ሁለት ማቆሚያ ካዘዘ ለመኪኖቹ የሚከለለው መሬት ከአንድ አነስተኛ አፓርታማ ወለል ሊበልጥ ይችላል። ማንም “አፓርታማ ከልክሉ” ብሎ ድምፅ አልሰጠም፤ የማቆሚያ ሠንጠረዡ ግን በዝምታ ከለከለው።

ደንቡ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ለማየት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ያለችው ሂውስተን ጥሩ ምሳሌ ናት። ትንሽ ከተማ አይደለችም፣ የቀጠና ደንብ ባለመኖሩም ትታወቃለች። ቢሆንም ዝቅተኛ የቦታ ስፋት ነበራት፦ 465 ካሬ ሜትር ገደማ። በ1998 በመሀል ከተማው ክልል ወደ 130 ካሬ ሜትር እንዲወርድ ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት በነበረበት ቦታ ሦስትና አራት ተያያዥ ቤቶች በብዛት ተሠሩ። ቧንቧው ያው የድሮው ቧንቧ ነው፤ የሚከፍልበት ሰው ግን በዛ።

ከተማዋ ራሷ የኪራይ ቤት የምታስተዳድር ከሆነ ሌላ ፈተና ይመጣል። ኪራዩ ዝቅተኛ እንዲሆን ታስቦ ዝቅ ይደረጋል፤ ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ ለጣሪያና ለቧንቧ ጥገና አይበቃም፤ ድጎማው ካልተሟላ ጥገናው ይዘገያል። ቤቱ ሲጎሳቆል ደግሞ “የመንግሥት ቤት እንዲህ ነው” ይባላል። ከቤቱ ባለቤትነት በፊት መመርመር ያለበት የጥገናው ሒሳብ ነበር።

ውሃው እስከ ቧንቧችን አፍ እንዴት ይደርሳል?

ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ ይሳባል፣ ይጣራል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ወደ ከፍታ ላይ ማጠራቀሚያ ይገፋል። ማማው ከፍ የሚለው ለጌጥ አይደለም። ውሃ በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል፤ ማለትም በባሕር ጠለል ላይ አየር የሚጫነንን ያህል። ሠላሳ ሜትር ላይ የተቀመጠ ውሃ በሦስት ባር ግፊት ወደ ቤታችን ይወርዳል፤ መብራት ቢጠፋም ለጊዜው መውረዱን አያቆምም። ፓምፑ ማታ ሰው ሲተኛ ማማውን ይሞላል፤ ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲታጠብ የተጠራቀመው ይወርዳል። በመሆኑም ከተማዋ ለጠዋቱ ጥድፊያ የሚሆን ግዙፍ ፓምፕ መግዛት አይጠበቅባትም።

ግፊቱ ሌላም ሥራ አለው። መቼም ያልተሰነጠቀ የቧንቧ መረብ የለም። ግፊት ሲኖር ውሃው ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ኪሳራ ነው፣ በሽታ ግን አይደለም። ግፊቱ ሲወድቅ ወይም ውሃው በፈረቃ ሲቋረጥ ግን በስንጥቁ በኩል የአፈሩ እርጥበት ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ውሃ በፈረቃ ማደል ቁጠባ ቢመስልም ለጤና ስጋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አርባዎቹ ቤቶች እንመለስ። ከከተማው ዳር ናቸው፤ መስመሩ ረጅም ነው፤ ቧንቧው ደግሞ ለእሳት አደጋ መኪና የሚበቃ ውሃ እንዲያሳልፍ ከዕለት ፍላጎታቸው ወፍሮ ተቀብሯል። ጥቂት ቤት፣ ወፍራምና ረጅም ቧንቧ፦ ውሃው በውስጡ ለቀናት ይተኛል። ክሎሪን ደግሞ ጊዜ በሄደ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ ሠራተኛ በየጊዜው ወደ መስመሩ ጫፍ ሄዶ የተኛውን ውሃ ማፍሰስ ይኖርበታል። የተጣራ፣ የተከፈለበት ውሃ ወደ ቦይ ሲደፋ ያየ ነዋሪ “ይህን ሁሉ ውሃ ያባክናሉ!” ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ሠራተኛው ግን ትክክለኛ ሥራውን እየሠራ ነው።

ይህ ተራ የሚመስል ሥራ ሲጓደል ምን እንደሚከተል ዎከርተን አሳይታለች። በካናዳ ኦንታሪዮ ያለች የ5,000 ሰው ገደማ ከተማ ናት። በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ የከብት እበት አጥቦ ጥልቀት ወደሌለው አንድ የውሃ ጉድጓድ አስገባ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በቧንቧው ተሰራጨ። ወደ 2,300 ሰዎች ታመሙ፣ ሰባት ሞቱ። ምርመራው ሲካሄድ ጉድጓዱን የሚቆጣጠሩት ሠራተኞች ክሎሪኑን በአግባቡ ሳይለኩ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሞሉ እንደነበር ተረጋገጠ። የምርመራው ዘገባ ጉድጓዱ ላይ ክሎሪኑንና ድፍርሱን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙን መከላከል ይቻል እንደነበር ደምድሟል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት ደግሞ ከዎከርተን ብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ በ2014 የ100,000 ሰው ገደማ ከተማ ነበረች። ገንዘብ ስላጠራት ግዛቱ አስተዳዳሪ ሾሞባት ነበር። በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከዲትሮይት ይገዛ የነበረው ውሃ ቀርቶ የፍሊንት ወንዝ ውሃ መቅዳት ተጀመረ። ወንዙ ብረት የሚበላ ውሃ ነበረው፤ ቧንቧን ከመበላት የሚከላከለው ንጥረ ነገር ግን አልተጨመረበትም። ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ እየተሸረሸረ ወደ ቤቶች ገባ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በከተማዋ ያለ የመኪና ሞተር ፋብሪካ ውሃው ዕቃዬን እያዛገ ነው ብሎ መጠቀሙን ሲያቆም፣ ነዋሪው ግን ለአንድ ዓመት ያህል መጠጣቱን ቀጠለ። ከተማዋ ወደ ቀድሞው ውሃ የተመለሰችው በጥቅምት 2015 ነው። በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የካሳ ስምምነት ወደ 626 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። የተቆጠበው ገንዘብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ስለ ፍሳሽ ባጭሩ፦ ውሃ በግፊት ይመጣል፣ ፍሳሽ ግን ቁልቁለት ፈልጎ ይሄዳል። ሰፈሩ ከማጣሪያው ዝቅ ብሎ ከተሠራ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ያ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ርካሽ መሬት ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለው መሬት ነው።

ውሃ ቆጥበን ታሪፉ ለምን ጨመረ?

ነዋሪን እንደዚህ የሚያናድድ ነገር የለም፤ መልሱ ግን ተንኮል አይደለም። የውሃ አገልግሎት ወጪ አብዛኛው ቋሚ ነው። ማማው፣ መረቡ፣ ማጣሪያው፣ የብድሩ ወለድ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ሰው ብዙ ቢጠጣም ጥቂት ቢጠጣም አይለወጥም። የሚቀንሰው ኤሌክትሪክና ኬሚካሉ ነው። ሒሳቡ ግን በቆጣሪ፣ በሜትር ኩብ ይከፈላል። ስለዚህ ከተማው ሁሉ አንድ አምስተኛ ውሃ ቢቆጥብ ገቢው በዚያው መጠን ይወርዳል፤ ወጪው ግን በጥቂቱ ብቻ። ክፍተቱ በታሪፍ ይሞላል።

ለዚህ ሲባል ብዙ ከተሞች ሒሳቡን ለሁለት ይከፍሉታል፦ አንድ ክፍል ለመስመሩ መኖር በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ክፍያ፣ ሌላው በተጠቀሙት ልክ። ቋሚው ከበዛ ቆጣቢና ድሃ ይጎዳሉ፤ ካነሰ አገልግሎቱ ይንገዳገዳል። ፍጹም የሆነ ቀመር የለም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ በስንት ሣጥንስ ይቀመጣል?

ምንጮቹ አራት ናቸው ማለት ይቻላል፦ በንብረትና በንግድ ላይ የሚጣል ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከላይኛው መንግሥት የሚመጣ ድጎማ፣ ብድር። የንብረት ግብር ስሌቱ ቀላል ነው፤ የንብረቱ ግምት በመቶኛው ይባዛል። ጠቡ ግምቱ ላይ ነው። ግምቱ ለረጅም ዓመታት ካልታደሰ በአዲስ ሰፈር የሚኖር ሰው በአሮጌው ካለው ጎረቤቱ በላይ ይከፍላል። ካሊፎርኒያ በ1978 በሕዝበ ውሳኔ ይህን ሕግ አድርጋዋለች፦ ግብሩ ከ1 በመቶ ብዙም አይበልጥም፣ ግምቱም ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች እጅግ የተራራቀ ግብር የሚከፍሉት ለዚህ ነው።

ከምንጩ ይልቅ ሰው የማያስተውለው ሣጥኑን ነው። ጤናማ ከተማ ገንዘቧን ቢያንስ በሦስት ሣጥን ታስቀምጣለች። መደበኛ በጀት ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለመብራት፤ ካፒታል በጀት ለብዙ ዓመት ለሚያገለግል ነገር፤ የውሃው ሒሳብ ደግሞ ለብቻው፣ ራሱን በራሱ እንዲችል። መንገድን በብድር መሥራት ኃጢአት አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሄድበት ሰውም ድርሻውን መክፈሉ ተገቢ ነው። ደመወዝን በብድር መክፈል ግን የትናንት እራትን ነገ ለሚወለድ ልጅ ማስከፈል ነው። የውሃውን ሣጥን ከፍቶ የመደበኛውን ቀዳዳ መድፈንም በየትም አገር የታወቀ ፈተና ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም የተመጣጠነ ይመስላል፣ ቧንቧው ግን ያለ መተኪያ ያረጃል።

በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥገና መሆኑ አያስደንቅም። ሠራተኛ ቢቀነስ ይጮኻል፤ ቤተ መጻሕፍት ቢዘጋ ወላጅ ይመጣል። ቧንቧ ግን አይሰለፍም። ለሌላ ጊዜ የተላለፈ ጥገና በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ዕዳ አይመዘገብም፤ ዕዳ መሆኑ ግን አይቀርም።

ከተማ ልትከስር ትችላለች?

እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል፤ በተግባር ግን አዎ። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ያለችው ሴንትራል ፎልስ በ2010 አካባቢ 19,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ጠባብ ከተማ ነበረች። በነሐሴ 2011 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባች። ለጡረተኞቿ የገባችው ቃል በየዓመቱ ከምትሰበስበው ገቢ ጋር ፈጽሞ የሚመጣጠን አልነበረም። አንዳንድ ጡረተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ፖሊሶች አበላቸው በግማሽ ገደማ ተቆረጠ። ቃሉ የተገባው ያለ ክፋት ነው፤ ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ ጡረታ መጨመር በዚያ ዓመት በጀት ላይ ስለማይታይ ቀለለ እንጂ።

ከሁሉ ይበልጥ የምታስተምረው ግን በሰሜን ጃፓን በሆካይዶ ደሴት የምትገኘው ዩባሪ ናት። የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች፤ በ1960 አካባቢ 120,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ማዕድኑ አንድ በአንድ ተዘጋ፤ የመጨረሻው በ1990። ከተማዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ተበድራ መዝናኛ ሥፍራ፣ ሆቴል፣ የበረዶ መንሸራተቻ አስፋፋች። ጎብኚ እንደታሰበው አልመጣም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ ጉድለቱ ለዓመታት አልታየም። ዘዴው ቀላል ነበር፦ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል አንዱ የከተማዋ ሒሳብ ለሌላው ያበድራል፣ አዲሱ ዓመት ሲከፈት ይመለሳል፣ በወረቀቱ ላይ ሁሉም ሙሉ ይመስላል። ሲገለጥ ዕዳው ወደ 35 ቢሊዮን የን ደርሶ ነበር፤ ነዋሪው ደግሞ 13,000 ገደማ ብቻ ቀርቷል።

ከ2007 ጀምሮ ከተማዋ በማዕከላዊው መንግሥት ቁጥጥር ሥር ሆና ዕዳዋን መክፈል ጀመረች። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ፤ የከንቲባው ደመወዝ በ70 በመቶ ገደማ ተቀነሰ። ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ወደ አንድ ተጠቃለሉ።

ቤቶቹም ነበሩ። በማዕድኑ ዘመን ለሠራተኛ የተሠሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች በሸለቆው ርዝመት ሁሉ ተበትነዋል፤ በአንዳንዱ ሕንፃ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ለእነዚያ ጥቂት ሰዎች ሲባል ቧንቧው በሙሉ ርዝመቱ መጠገን አለበት፣ የክረምት በረዶው ከመንገዱ መጠረግ አለበት፣ ጣሪያውም ያፈስሳል። ከተማዋ ከነዋሪዎቹ ጋር ተመካከረች። በአንዳንድ ሰፈሮች የተበተኑትን ነዋሪዎች እዚያው አካባቢ ባሉ ጥቂት ሕንፃዎች ውስጥ አሰባሰበች፤ የቀሩትን ሕንፃዎች ባዶ አደረገች። የረጅም ጊዜ ፕላኗም ሰውን ቀስ በቀስ ወደ መሀል ማምጣት ሆነ። ለ120,000 ሰው የተዘረጋ ከተማ መታጠፍ የጀመረው እንዲህ ነው፦ አንድ ሕንፃ ባዶ ይደረጋል፣ መስኮቱ በጣውላ ይመታል፣ ወደ እሱ የሚሄደው የውሃ መስመር ይዘጋል።